አፈሙዙን ማን ቆረጠው?

ጥር 6

ለልጄ ለብሎን፣

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለደስታዬ፣ አንዴ ለንዴቴ። ልደውልልሽ አስቤ ነበር፤ ግን አርባ ዓመት አጠገቡ ሲተኮስ የኖረ ጆሮ እንኳን ስልክ ነጎድጓድም አይሰማ። በወረቀት ይሻለናል።

በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። ለጠመንጃ ጥገና ፈቃድ ልትፈተን የተመዘገበች ሴት ልጅ ያለው አባት እዚህ ሰፈር ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። ለዳቦ ሻጯም ለጸጉር አስተካካዩም ነግሬያለሁ። ጸጉር አስተካካዩ «ለሴት ልጅ አይከብዳትም?» ቢለኝ ግማሹ እንደተቆረጠ ተነስቼ ወጣሁ።

የፈተናውን ሕግ ደህና አድርገሽ ጽፈሽልኛል። የተበላሸ አሮጌ ጠመንጃ አስተካክለሽ ትቀርቢያለሽ፤ በመቶ ሜትር አምስት ጥይት ትተኩሻለሽ፤ አምስቱም ከሻይ ብርጭቆ አፍ በማይሰፋ ክብ ውስጥ ማረፍ አለባቸው። ካለፍሽ የራስሽን ሱቅ ትከፍቻለሽ፤ ከወደቅሽ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደገና የሰው ተቀጣሪ ነሽ። ከስንቱ አሮጌ ጠመንጃ መሃል የኔን መምረጥሽ ደረቴን አስነፍቶኝ ነበር። «ሁለት መዳፍ ያህል ይበትናል» የሚለውን ሳነብ ግን ተነፈስኩ።

ከየት ልጀምር ላልሽኝ፣ ከቀላሉ ጀምሪ። ሰው ጠመንጃው በበተነ ቁጥር በርሜሉን ይወቅሳል፤ በርሜል ምን በደለ? መጀመሪያ መነጽሩን ከብረቱ ጋር የያዙትን አራት ብሎኖች ፈትሺ። ከዚያ በርሜሉን እጠቢ። ባሩዱን ብቻ አይደለም፤ ጥይቱ ሲያልፍ እየተላጠ የሚቀረውን መዳብ ጭምር። ጨርቁ ሰማያዊ ሆኖ መውጣቱን እስኪተው ድረስ አትልቀቂው።

እንጨቱን ግን አትንኪ። ያ ጠመንጃ የወታደር እንደነበር ታውቂያለሽ፤ ታውቂያለሽ ግን ልድገመው፣ ደስ ይለኛል። በርሜሉ አጥሮ፣ ያ ግንድ የሚያህል እንጨቱ ተጥሎ፣ አዲስ ሰደፍ ወጥቶለት፣ መነጽር ተጭኖበት ነው የአደን ጠመንጃ የሆነው። ሰደፉን አንድ ክረምት ሙሉ ነው የጠረብኩት። እሱ አያሳማኝም።

የቅዳሜ ዘይቱንም እንዳትረሺ። በየሳምንቱ፣ እንዳስለመድኩሽ።

አባትሽ


ጥር 15

አባዬ፣

ለመሆኑ ጸጉርህን ማን ጨረሰልህ? እንደዚያው ሆነህ የምትዞር ከሆነ ፎቶ ተነስና ላክልኝ፣ ክፍሌ ውስጥ እሰቅለዋለሁ።

ስለ ክፍሌ ልንገርህ። ጠባብ ናት፣ ከልብስ ሰፊው ጀርባ። መስኮቷ ስር ጠረጴዛ አለ፤ ጠመንጃህ ተፈታቶ እሱ ላይ ተኝቷል፣ እኔ ምሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ እበላለሁ። ልብስ ሰፊው መጀመሪያ ደንግጦ ነበር፤ አሁን መርፌው በተሰበረ ቁጥር «ጠመንጃ ሠሪዋ» እያለ ይጠራኛል። ስሙን ወድጄዋለሁ፤ ወረቀቱ ነው የሚቀረው።

ያልከውን አደረግሁ። ከአራቱ የመነጽር ብሎኖች አንዱ በጣቴ ተፈታ። አፈርኩ፣ ከዚህ በፊት ማየት ነበረብኝ። በርሜሉን ሦስት ቀን አጠብኩት፤ ጨርቁ እንደ ተማሪ ቀለም ሰማያዊ ሆኖ ሲወጣ ነበር፣ በሦስተኛው ቀን ነጣ። ሄጄ ተኮስኩ። ከሁለት መዳፍ ወደ አንድ መዳፍ ገባልኝ። ጥሩ ነው፤ ግን አንድ መዳፍ የሻይ ብርጭቆ አይደለም።

ዋናው ፈታኝ ማን እንደሆነም ልንገርህ። ስታነብ እንዳትበሳጭ። ሚሊሜትር ነው። አዎ፣ ያው ያንተ የድሮ ባልደረባ፤ ዛሬም መለኪያ ካሊፐሩን እንደ እስክሪብቶ ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ ነው የሚዞረው። ለመመዝገብ ስሄድ ጠመንጃውን ገና ከሩቅ አወቀው። አፈሙዙን በአጉሊ መነጽር አየና «ይኸው በሽታሽ» አለኝ። «ጥይቱ የሚወጣበት ጠርዝ ላይ ሁለት እርከን አለ። መቁረጫው ተንሸራቶበታል። ጣት ያህል ቁረጪለትና ይድናል። አባትሽ እኔን ያሸነፈኝ በዚህ አፈሙዝ መሆኑ ይገርመኛል።»

አመስግኜ ወጣሁ። ፈታኜ ነው፣ ምን እለዋለሁ?

ፈተናው የካቲት 20 ነው። ብረት መቅረጫ ቶርኖ ተከራይቼ ብቆርጠው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ግን ጣት ያህል ከሄደ ያንተም ሥራ አብሮ ይሄዳል፤ ሳልጠይቅህ አልነካውም። እውነቱን ንገረኝ አባዬ፤ ስትቆርጠው መሣሪያው ተንሸራቶብህ ነበር?

ልጅህ


ጥር 21

ብሎን፣

እንዳትነኪው!

ሰማሽ? አፈሙዙን እንዳትነኪው። ሚሊሜትር በዚያ የወርክሾፕ የጠመንጃ ሥራ ውድድር ሁለተኛ ከወጣ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ እስከ ዛሬ አልዋጥልህ ብሎታል። የሰው ልጅ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሌላ የሚያማው ነገር አያጣም እኮ! ተንሸራተተ ይለኛል እንዴ? ያ አፈሙዝ አልተንሸራተተም። በዚያ ቶርኖ ላይ እንደዚያ ያለ ንጹሕ ሥራ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ አልተሠራም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ለመኩራራት ቢሆንም ልክ ነኝ።

እናትሽ ብትኖር ኖሮ ይህን ስትሰማ... ተይው።

ይልቅ እሱን ከምታዳምጪ ይህን አድርጊ። አንድ ቅጠል ወረቀት ውሰጂ፤ በበርሜሉና በእንጨቱ መሃል አስገቢና ከጫፉ ጀምረሽ ወደ ኋላ ሳቢው። በርሜል ሲተኮስ ይንቀጠቀጣል፤ እንጨቱ አንድ ቦታ ላይ ከነካው በየተኩሱ በሌላ መንገድ ይንቀጠቀጣል። ወረቀቱ ሳይያዝ ያልፋል፣ ታያለሽ። ካለፈ በኋላ ደግሞ በእንጨቱ ጉዳይ አንነጋገርም።

ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።

ጸጉሬን የጨረሰልኝ ራሱ ጸጉር አስተካካዩ ነው፤ ቤቴ ድረስ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። አሁን የፈተናሽን ቀን ከኔ ይልቅ እሱ ነው የሚቆጥረው። ጮኼብሽ ከሆነ ይቅር በይኝ፤ በወረቀትም ላይ የምጮህ ሰው ሆኛለሁ መሰለኝ።

አባትሽ


የካቲት 2

አባዬ፣

አዎ ጮኸሃል። «እንዳትነኪው» የሚለውን ሳነብ ልብስ ሰፊውም የሰማ መስሎኝ ዞር ብዬ አይቻለሁ። ይቅር ብዬሃለሁ፤ ይቅር ያልኩህ ግን ለጩኸቱ ነው፣ ላልመለስክልኝ ጥያቄ አይደለም።

ወረቀቱ አላለፈም። እንዳትቀየመኝ። ከጫፉ አራት ጣት ገባ ብሎ ቀኝ በኩል ተያዘ። እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ አብጧል። በጠባብ ሞረድ ፈገፈግሁት፤ አሁን ወረቀቱ እስከ መጨረሻው እንደ ልቡ ይመላለሳል። ዛሬ ተኮስኩ። አራቱ ተሰበሰቡ፣ አንዱ ሸሸ። እንደገና ተኮስኩ፤ አሁንም አራቱ ተሰበሰቡ፣ ሌላ አንዱ ሸሸ። አንዴ ሁለተኛው ነው፣ አንዴ አምስተኛው። ተስፋ አስቆርጦ አይተወኝ፣ ደስ አሰኝቶ አይተወኝ።

አሁን ወደ አፈሙዙ። አጉሊ መነጽር ተውሼ አንድ ከሰዓት ሙሉ አየሁት። ሚሊሜትር ተሳስቷል። የተንሸራተተ መሣሪያ አንድ ቦታ ላይ ይበላል እንጂ ዙሪያውን እኩል አይዞርም። ያ ሁለተኛ እርከን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ዙሪያውን ብትለካው የጸጉር ያህል እንኳን አይዛባም።

ግን አባዬ፣ አንተም የምታውቀው ሌላ ነገር አየሁ። ያንተን እጅ አውቀዋለሁ፤ ሠርተህ በሰጠኸኝ መዶሻ ነው ያደግሁት። አንተ ስለቱን ለማጥፋት ጠርዝ ስትሰብር አንዴ ነው፣ ጠንከር አድርገህ፣ ቶሎ። ጥሩ ነው፣ ያንተ ነው። ይህ አፈሙዝ ግን ቶሎ የሚጨርስ ሰው ሥራ አይደለም። እስትንፋሱን ይዞ የሚሠራ ሰው ሥራ ነው። ሰዓት የሚሠራ ሰው።

የእማዬ አባት ደግሞ ሰዓት ሠሪ ነበሩ።

ማን ነው የቆረጠው? ስሕተቱ የት እንዳለ የማገኘው እያንዳንዱ ነገር የማን ሥራ እንደሆነ ሳውቅ ነው። ለቶርኖው የካቲት 14 ቀጠሮ ይዣለሁ። እስከዚያ ካልነገርከኝ ሌላ መድኃኒት የለኝም፣ ሚሊሜትር እንዳለው ጣት ያህል እቆርጠዋለሁ። ዛቻ አይደለም አባዬ። ጨንቆኝ ነው።

ልጅህ


የካቲት 8

ብሎን፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ሦስት ቀኔ ነው። ሦስት ወረቀት ጀምሬ ቀድጃለሁ። ይህ አራተኛው ነው፤ እንደምንም እጨርሰዋለሁ።

እናትሽ ናት የቆረጠችው።

ውድድሩ አራት ቀን ሲቀረው የቀኝ አውራ ጣቴን ብረት መያዣው ሞርሳ ውስጥ ጨፈለቅሁት። ጠመንጃው አልቋል፣ የቀረው አፈሙዙ ብቻ ነው፤ በርሜሉ በመጋዝ እንደተቆረጠ ጥርሱን አግጥጦ ቁጭ ብሏል። ያሸነፈ ሰው የወርክሾፑ አለቃ እንደሚሆን ተነግሮናል። ቤት ገብቼ ስነጫነጭ እናትሽ ሰማችኝና «የወርክሾፑ ቁልፍ ካንተ ጋር አይደለም?» አለችኝ።

እሑድ ነበር፣ ማንም የለም። አንቺ ሦስት ዓመትሽ ነው፤ አንድ ሳጥን ብሎን ሰጥተንሽ ጥግ ላይ አስቀመጥንሽ፣ ስሙም የወጣልሽ የዚያን ቀን ነው። እናትሽ ቶርኖውን ዞራ ዞራ አየችውና «ይሄ እኮ የአባቴ ማሽን ነው፣ ወፍሮ ነው እንጂ» አለች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ እንዲህ አድርጊ፣ እንዲያ አድርጊ ስል «ዝም በል፣ እጄን ታንቀጠቅጥብኛለህ» ብላ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ጠርዙን በሁለት እርከን ስትሰብረው ለምን ሁለት ብላት፣ «የውጪው ቢጋጭ የውስጡ እንዲተርፍ» አለችኝ። እኔ በስንት ዓመት ሥራዬ አስቤው አላውቅም።

አሸነፍኩ። አለቃ ሆንኩ። ሰው ሁሉ «አፈሙዙን እዩለት!» ሲል ዝም አልኩ። ያኔ ሴት ቶርኖ ላይ ቆመች ቢባል ጠመንጃውን ከውድድሩ ያወጡት ነበር፤ ይህን ለራሴ ስነግረው ኖርኩ። እውነትም ነው። ግን የመጀመሪያውን ሳምንት ለመናገር አፈርኩ፤ ከዓመት በኋላ ደግሞ «ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልክ» መባልን ፈራሁ፤ እንዲያ እንዲያ እያለ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነ። እሷ አንድ ቀን እንኳን አላነሳችብኝም። አንጀቴን የሚበላኝ እሱ ነው። ብትናገረኝ ኖሮ እኮ ተጣልተን ይወጣልኝ ነበር።

እና አፈሙዙን አትቁረጪ። ጥፋት ካለ የኔ ሥራ ላይ ፈልጊው። የኔ ሥራ እንጨቱ ነው፤ አትንኪው ያልኩሽን ንኪው። ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩት ሁለት ብሎኖች ናቸው። የፊተኛው እንደጠበቀ ይሁን፤ የኋለኛውን ቀስ እያልሽ ፍቺ፣ ቀስ እያልሽ አጥብቂ። የሌላ እጅሽን ጣት በርሜሉና የእንጨቱ ጫፍ በሚገናኙበት ላይ አኑሪ። ብረቱ ከጣትሽ ስር ከተንቀሳቀሰ ቁጭ ያለበት እንጨት ታሟል ማለት ነው።

ይህን ገና በመጀመሪያው ደብዳቤ ልነግርሽ እችል ነበር። ኩራቴ ነው ያዘገየሽ። ይቅር በይኝ።

አባትሽ


የካቲት 22

አባዬ፣

ደብዳቤህን ይዤ ቶርኖ ቤት ሄድኩና ቀጠሮዬን ሰረዝኩ። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ «ወፍሮ ነው እንጂ» የሚለው ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ልብስ ሰፊው በሩን አንኳኩቶ ደህና ነሽ ወይ አለኝ። ደህና ነኝ አባዬ። በእማዬ ኮራሁ፤ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም። ባንተ ደግሞ ትንሽ ተናደድኩ። ትንሽ ብዬ ጻፍኩልህ፤ ብዙ ነበር። አሁን በርዶልኛል።

ውጤቱን ለማወቅ ወደ ታች እየዘለልክ እንዳታነብ። በተራው ይመጣል።

የኋለኛውን ብሎን ሳጠብቅ ብረቱ ከጣቴ ስር ዘለለ። ሁሉንም ፈታሁ። ከኋላ፣ ብረቱ ቁጭ የሚልበት እንጨት ጠቁሯል፤ ጥፍሬን ስጫነው እንደ ሳሙና ገባ። አሸተትኩት። ዘይት! አባዬ፣ የቅዳሜ ዘይታችን ነው! በየሳምንቱ ስንቀባው ኖረን፣ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርገን ጥግ እናቆመው አልነበር? ዘይቱ የት ይሂድ? ብረት ብረቱን ተከትሎ ቁልቁል እየወረደ እንጨቱ ውስጥ ሲተኛ ኖሯል። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በየቅዳሜው ጠብ፣ ጠብ። እንጨቱ ሲለሰልስ ብረቱ በተተኮሰ ቁጥር ሌላ ቦታ ይቀመጣል፤ አንዱ ጥይት የሚሸሸው ለዚህ ነው። ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም። ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ጎበዝ እንድትለኝ እጥፍ አድርጌ ነበር የምቀባው። ከመውደድ ብዛት አበሰበስነው።

የላሸቀውን በመሮ አወጣሁ። የቀረውን ዘይት በኖራ ዱቄት አራት ቀን አስመጠጥኩ። ሁለቱ ብሎኖች በሚያልፉበት ከነሐስ ቱቦ የቆረጥኳቸውን ሁለት እጅጌዎች ተከልኩና ዙሪያቸውን በጠንካራ ማጣበቂያ ሞላሁ። አሁን ብረቱ የሚያርፈው እንጨት ላይ ሳይሆን ነሐስ ላይ ነው። ሰደፍህ ከውጭ አልተነካም፤ ውበቱ እንዳለ ነው።

ከትናንት ወዲያ ፈተናው ላይ ተኮስኩ። አምስት።

ሚሊሜትር የተኮስኩበት ወረቀት ድረስ ራሱ በእግሩ ሄደ። ካሊፐሩን አውጥቶ ለካ። ደግሞ ለካ። ተመልሶ መጣና ለሌሎቹ ፈታኞች «የሻይ ብርጭቆ አያስፈልግም፣ የመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን አምጡ» አለ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ አባዬ። «ከአፈሙዙ ስንት ቆረጥሽለት?» ቢለኝ «ምንም» አልኩት። አላመነኝም። አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ ብዙ ቆየበት። በመጨረሻ «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያማሁት ይሄን ነው» አለ፤ ለማን እንደተናገረ አላውቅም።

አሁን ግን ጉዳይ አለ። ፈቃዱ ላይ ማኅተም ከመመታቱ በፊት የጠመንጃው የሥራ ታሪክ የሚባል ፎርም ይሞላል። «አፈሙዙን የሠራው ባለሙያ» የሚል መስመር አለው፣ ጠባብ ነው፤ እውነት ነው ብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ። ያንተን ስም ብጽፍ ማንም አይጠይቀኝም። እስክሪብቶውን አነሳሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ። የእማዬን ብጽፍ ደግሞ የሚያነበው ሚሊሜትር ነው፤ ከሁሉ ሰው እሱ። ያንተን ጉድ ለእሱ የማወጣው እኔ አይደለሁም። ባዶ ከተውኩት ፈቃድ የለም። እስከ መጋቢት 5 ጊዜ ሰጥተውኛል።

ምን ልጻፍ?

ልጅህ


የካቲት 28

ብሎን፣

ዘልዬ አነበብኩ። ደግሞ አልዘልም ብለሽ ነው?

የመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን! ቤት ውስጥ ያለውን ክዳን ሁሉ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። ትንሹን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ፤ ለዳቦ ሻጯ አሳየሁ፣ ለጸጉር አስተካካዩ አሳየሁ፣ ለማላውቀውም ሰው አሳየሁ። «አምስቱም እዚህ ውስጥ፣ በመቶ ሜትር!» ስል አንዷ ሴትዮ የሆነ ነገር የምሸጥ መስሏት አይ አልፈልግም ብላኝ ሄደች። እጅሽ ይባረክ። ስለ ነሐሱ እጅጌ የጻፍሽውን ሦስቴ አነበብኩት፤ እኔ ብሆን ሌላ እንጨት ለጥፌ እዘጋው ነበር። በልጠሽኛል። ይህን ስጽፍ ቅር አላለኝም፤ እንዲያውም ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

ስለጠየቅሽኝ ነገር። እኛ የወርክሾፑ ጡረተኞች ሐሙስ ሐሙስ ከማኅበራችን ቢሮ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን። አምስታችንም አንሰማም፤ ስለዚህ ምስጢር የሚባል ነገር የለንም፣ ሁሉ ነገር በጩኸት ነው። ትናንት ተነስቼ ቆምኩና ነገርኳቸው። የመንገዱ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ከአምስታችን አንዱ፣ ብረት በያጁ፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «ማን ቆረጠው አልክ?» አለኝ።

«ሚስቴ!» አልኩት።

«ያንን አፈሙዝ?»

«ያንን አፈሙዝ!»

«እና አንተ በሷ ሥራ ነው አለቃ ሆነህ ስታዝዘን የኖርከው?»

«አዎ!»

«ታዲያ ያንተ ሥራ የቱ ነው?»

«የበሰበሰው እንጨት!»

እንባው እስኪፈስ ሳቀብኝ። ሌሎቹም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ? ሲበቃው በያጁ ባርኔጣውን አወለቀና ብድግ አለ። ሌሎቹም ተነሱ። ለኔ አልነበረም። ትንሽ ቆሙ፣ ከዚያ ተቀመጡ። ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቿ ሆነው የቆሙላት ግን ትናንት ነው። ይህን ለማየት በሕይወት ሳለች አፌን ብከፍት ምን ነበረበት? ይህ እስክሞት አይለቀኝም፣ አይልቀቀኝም።

ለሚሊሜትር ራሴ ጽፌለታለሁ፤ የሱ ፖስታ ከዚህኛው ጋር አንድ ቀን ነው የሚወጣው። እንዲያማኝ አዲስ ነገር ሰጥቼዋለሁ። አፈሙዟን ግን ካሁን በኋላ አያማትም።

መስመሩ ጠባብ ነው ብለሻል። ይጥበብ። የእናትሽን ስም ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ሙሉውን ጻፊ፤ ፊደሉን እንዳታሳንሺው፣ ካልበቃ ከመስመሩ ይውጣ። ስለ እኔ የሚጠይቅ ሰው ካለ የባለ ሱቋ አባት ነው በዪው። ሌላ ማዕረግ አልፈልግም።

አባትሽ